አራት ሴንቲ ሜትር ላይ ምን አለ?

አንድ የኤ4 ወረቀት፣ መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ፕላስተር እና አንድ ሳህን ቆሎ ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። ቆሎው ለመለኪያም ለመቆርጠምም ስለሆነ በርከት ይበል።

ክዳን የሌለው ሳጥን እንሠራለን። አሠራሩን ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ፦ ከወረቀቱ አራት ማዕዘኖች እኩል የሆኑ ካሬዎች ትቆርጣላችሁ፤ የቀሩትን አራት ክንፎች ወደ ላይ ታጥፋላችሁ፤ ጠርዝና ጠርዙን በፕላስተር ታያይዛላችሁ። አለቀ።

ጥያቄው አንድ ነው። ሳጥኑ ብዙ ቆሎ እንዲይዝ ከየማዕዘኑ ስንት ሴንቲ ሜትር እንቁረጥ? ወደ ታች ከማንበባችሁ በፊት ግምታችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለም የእሱን ጠይቁ፤ ግምቶቹ በጣም ይለያያሉ።

ትንሽ ከቆረጣችሁ ሳጥኑ ሰፊ ሆኖ እንደ ትሪ ዝርግ ይሆናል፤ ቆሎው ይንሸራተትና ይፈሳል። ብዙ ከቆረጣችሁ ደግሞ ግድግዳው ይረዝማል፣ ወለሉ ግን እየጠበበ ሄዶ ከጠባብ ቦይ የማይሻል ይሆናል። ከሁለቱ መሀል አንድ ቦታ ላይ ምርጡ ሳጥን ተቀምጧል። እሱን ነው የምንፈልገው።

ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ ከግራም ከቀኝም ስለሚቀነስ ወለሉ 19 በ27.7 ይሆናል፤ ግድግዳው 1። ሦስቱን ስታባዙ 526 ሴንቲ ሜትር ኩብ ትደርሳላችሁ። 2 ብትቆርጡ 874። 3 ብትቆርጡ 1,067። 4 ብትቆርጡ 1,128፤ ይህ ከአንድ ሊትር በላይ ነው። 5 ላይ ወደ 1,084 ይወርዳል። 6 ላይ 956፣ 7 ላይ 769። 10 ሴንቲ ሜትር የቆረጠ ሰው 97 ብቻ ይቀረዋል፤ አንድ ጭብጥ ቆሎ ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አትመኗቸው፤ የ2፣ የ4 እና የ6 ሴንቲ ሜትር ሦስት ሳጥኖች ሠርታችሁ ቆሎውን ከአንዱ ወደ አንዱ እየገለበጣችሁ እዩ። ወረቀቱ እንዳይለመጥ ግድግዳውን በእጃችሁ ደገፍ አድርጉት። የአራቱ ሳጥን ሲሞላ፣ ቆሎው ወደ ሁለቱም ሲገለበጥ ይተርፋል።

አሁን ቁጥሮቹን ትታችሁ በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ፤ ብልሃቱ ያለው እዚያ ነው። ከ1 ወደ 2 ስንሄድ 348 አተረፍን። ከ2 ወደ 3፣ 193። ከ3 ወደ 4፣ 61 ብቻ። ከ4 ወደ 5 ግን 44 ከሰርን። ከዚያ 128፣ ከዚያ 187 ኪሳራ።

ትርፉ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ መጥቶ ወደ ኪሳራ ተሻገረ። ከትርፍ ወደ ኪሳራ እንዲህ ሳይዘል የሚሻገር ነገር ደግሞ በመንገዱ ላይ ዜሮን መርገጥ አለበት። ዳገት የወጣ ሰው ወደ ቁልቁለቱ ከመግባቱ በፊት እግሩ ሜዳ እንደሚነካ ማለት ነው።

ይህ እርምጃ በእርምጃ የሚመጣ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ በእጃችን እንንካው፤ እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

2 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠውን ሳጥን አንሱ። ቁርጡን በአንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብናሳድገው ምን ይሆናል? ግድግዳው በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ወለሉን በሙሉ የሚሸፍን አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቆሎ ንጣፍ ከላይ ይጨመራል። ወለሉ 17 በ25.7 ስለሆነ ንጣፉ ወደ 44 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይጠጋል። ይህ ገቢ ነው።

ወጪውስ? አራቱም ግድግዳዎች ወደ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋሉ፤ በየግድግዳው ሥር አንድ ቀጭን ቁራጭ ቆሎ ይጠፋል። ግድግዳው ገና 2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የጠፋው 17 ገደማ ነው። 44 ገብቶ 17 ወጣ፤ ቁረጡ፣ ያዋጣል።

7 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ሳጥን ደግሞ አስቡ። ወለሉ ጠቦ 7 በ15.7 ብቻ ሆኗል፤ ከላይ የሚጨመረው ንጣፍ 11 ነው። ግድግዳዎቹ ግን ረጃጅሞች ስለሆኑ ወደ ውስጥ ሲጠጉ 32 ያህል ይወስዳሉ። ኪሳራ ነው፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

4 ላይ እንቁም። ከላይ የሚገባው ንጣፍ 28.2፣ ከጎን የሚጠፋው 27.8። ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። ምርጡ ሳጥን እዚህ የሆነው ለዚህ ነው፤ ወለሉ የሚሰጠውና ግድግዳው የሚወስደው እኩል የሚሆኑበት ቦታ ስለሆነ።

በ12ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ «ዴሪቬቲቭ» የተባለው ይህ ገቢና ወጪ ተቀናንሶ የሚቀረው ነው። አንድን ነገር በጣም በጥቂቱ ስንነካው፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው ሌላው ነገር በምን ያህል ፍጥነት ይለወጣል? መልሱ ዴሪቬቲቭ ነው። ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆንበት ወይም ጨርሶ የማይገኝበት ቦታ ደግሞ «ክሪቲካል ነጥብ» ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩን አሁን በቆሎ ለክታችሁታል።

እርሳስ የያዘ ሰው ካለ ትክክለኛውን ቦታ እናግኝለት። የቁርጡን ርዝመት «ቀ» እንበለው። ይዘቱ ቀ × (21 − 2ቀ) × (29.7 − 2ቀ) ነው፤ ሲዘረዘር 4ቀ³ − 101.4ቀ² + 623.7ቀ ይሆናል። ዴሪቬቲቩን ለማውጣት ከእያንዳንዱ ላይ ኃይሉን ወደ ፊት አምጥታችሁ ታባዛላችሁ፤ ከኃይሉም አንድ ትቀንሳላችሁ። 12ቀ² − 202.8ቀ + 623.7። ይህን ከዜሮ ጋር እኩል አድርጋችሁ ፍቱት።

ሁለት መልስ ይወጣል፦ 4.04 እና 12.86። ሁለተኛውን መቀስ ላይ ሞክሩት። ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወረቀት ከግራ 12.86፣ ከቀኝ 12.86 እንዴት ይቆረጣል? ሒሳቡ ወረቀት ስለመሆኑ አያውቅም፤ ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መልሱ 4.04 ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከ4.04 ይልቅ ድፍን 4 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ የምታጡት አንድ አሥረኛ ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው፤ ሁለት ጠብታ ውሃ ያህል። ምርጡን ቦታ በትንሹ መሳት ምንም የማያስከፍል ይመስላል። ይህ የሳጥኑ ብቻ ጠባይ አይደለም።

ለማየት 40 ሴንቲ ሜትር ሲባጎ ወይም ክር አምጡ፤ ጫፍና ጫፉን ቋጥራችሁ ጠረጴዛው ላይ በአራት ጣት ወጥራችሁ አራት ማዕዘን ሥሩበት። ዙሪያው ሁልጊዜ 40 ነው። 5 በ15 ብታደርጉት ውስጡ 75 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 8 በ12፣ 96። 9 በ11፣ 99። 10 በ10፣ 100።

ከካሬው በ1 ስትርቁ የጠፋው 1 ነው። በ2 ስትርቁ 4፣ በ5 ስትርቁ 25። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ብትርቁ ሩብ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ብትርቁ አንድ መቶኛ። ኪሳራው የርቀቱ ካሬ ነው፤ ትንሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ደግሞ እጅግ ትንሽ ይሆናል። ከላይኛው ጫፍ አጠገብ ያለው መሬት ሜዳ የሚመስለው ለዚህ ነው።

በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ የፍርድ ቤት ሹም የነበረው ፒየር ደ ፌርማ በ1630ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጠቀመበት መንገድ ይህ ነበር። ሙያው ሕግ ነው፤ ሒሳብን የሚሠራው ለፍቅሩ ነበር። አንድን መስመር ለሁለት ከፍሎ የሁለቱን ብዜት ትልቁ ለማድረግ ሲፈልግ፣ ክፍያውን በጥቂቱ ፈቀቅ አደረገውና ከመፈቀቁ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ብዜቶች እኩል ናቸው ብሎ ያዘ፤ ከዚያ ያቺን ጥቂት ፈቀቅታ ጣላት። የቀረው ትክክለኛው መልስ ሆነ። በኋላ የዴሪቬቲቭን ሒሳብ የመሠረቱት ኒውተንም ላይብኒዝም ገና አልተወለዱም ነበር።

ጫፍ ላይ ያለውን ዝግታ በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ አንድ ሎሚና ስልክ ይዛችሁ ወደ ግቢ ውጡ። አንዱ ሎሚውን ቀጥ አድርጎ ከእጁ በላይ 2 ሜትር ያህል ይወርውረው፤ ሌላው ቪዲዮ ይቅረጽ። ቪዲዮውን በዝግታ እያስኬዳችሁ ተመልከቱ። ታች ላይ ሎሚው በየምስሉ ብዙ ይጓዛል፤ ላይ ሲደርስ ግን ምስሎቹ ተደራርበው አንድ ቦታ የተሰቀለ ይመስላል።

ቁጥሩ ይደንቃል። ሎሚው በአየር ላይ ከሚቆይበት ጊዜ ግማሹን የሚያሳልፈው በላይኛው ሩብ ከፍታ ውስጥ ነው። 2 ሜትር ከወጣ፣ ከላይ ባለችው ግማሽ ሜትር ውስጥ ብቻ የጉዞውን ግማሽ ጊዜ ይቆያል። የከፍታው ዴሪቬቲቭ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ ዜሮ የሆነበት ቅጽበት ደግሞ ጫፉ።

ስቶክሆልም የምትኖሩ አንባቢዎች ይህንኑ በመስኮታችሁ ታዩታላችሁ። በመጋቢትና በመስከረም ቀኑ በየዕለቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይረዝማል ወይም ያጥራል። በሰኔ አጋማሽ፣ ቀኑ እጅግ ሲረዝም ግን፣ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ያለው ልዩነት ሰከንዶች ብቻ ነው።

ይህን የጫፍ ዝግታ ቀድሞ በጽሑፍ ካሰፈሩት አንዱ ዮሐንስ ኬፕለር ነው፤ ያ የፕላኔቶችን መንገድ ያወቀው ሊቅ። ነገሩን ያነሳሳው ሰማይ አልነበረም፤ የወይን ጠጅ በርሜል ነበር።

ዓመቱ 1613 ነው፤ በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ የነገሡበት ዘመን። በኦስትሪያዋ ሊንዝ ከተማ ይኖር የነበረው ኬፕለር ሁለተኛ ሚስቱን አግብቶ ለአዲሱ ቤቱ በርሜል በርሜል ወይን ጠጅ ገዛ። ሻጩ ዋጋ ሊተምን ሲመጣ አንድ ዘንግ ብቻ ይዞ መጣ። ዘንጉን በበርሜሉ ሆድ መሀል ባለው ቀዳዳ አስገብቶ በሰያፍ እስከ ታችኛው የጫፍ ጥግ ሰደደው፤ አወጣው፤ እስከ የት እንደረጠበ አየና ዋጋውን ተናገረ። ስለ በርሜሉ ቅርጽ ምንም አልጠየቀም።

ኬፕለርን ይህ አላስተኛውም። ቀጭንና ረጅም በርሜልም፣ አጭርና ሆዳም በርሜልም ዘንጉን እኩል ሊያረጥቡ ይችላሉ፤ የሚይዙት ወይን ጠጅ ግን እኩል አይደለም። እንደ ሳጥናችን አስቡት፦ ዘንጉ የተወሰነ ነው፤ በርሜሉ ሲረዝም ይጠባል፣ ሲሰፋ ያጥራል። በርሜሉን ቀጥ ያለ ቱቦ ነው ብለን ብንይዘው፣ ትልቁ ይዘት የሚገኘው ርዝመቱ የስፋቱ 1.41 እጥፍ ሲሆን ነው።

የኦስትሪያ በርሜል ሠሪዎች በልማድ ይዘውት የመጡት መጠን ከዚሁ የተጠጋ ሆኖ አገኘው። በ1615 ሊንዝ ውስጥ ስለ ወይን በርሜል ይዘት አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡም ከትልቁ ይዘት አጠገብ በግራም በቀኝም ያለው ቅናሽ መጀመሪያ ላይ የማይታወቅ መሆኑን አስተዋለ። በርሜል ሠሪው እጁ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ገዢው አይጎዳም፤ ያ ዘንግ እዚያ አገር ላይ የሚሠራው ለዚህ ነበር። ሌላ ቅርጽ ያለው በርሜል በሚሠራበት አገር ግን ዘንጉ ያታልላል።

አንድ ጥንቃቄ። ዜሮ ባገኛችሁ ቁጥር ጫፍ አገኘን አትበሉ። የጎድጓዳ ሳህን ታችኛው ቦታም ዝርግ ነው፤ እዚያ ያለው ትንሹ ነው። ለመለየት ግራና ቀኙን እዩ፦ ከዜሮው በፊት ትርፍ፣ ከኋላው ኪሳራ ከሆነ ኮረብታ ነው፤ ተቃራኒው ከሆነ ሸለቆ። ከፊትም ከኋላም ትርፍ ከሆነ ደግሞ ፎቅ ስትወጡ እንደሚያጋጥማችሁ የደረጃ ማረፊያ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ይዘረጋና መውጣቱን ይቀጥላል።

የጎጆ ቤት ጉልላትንም አትርሱ። ከፍተኛው ቦታ እሱ ነው፤ ነገር ግን ማስመሪያ ልታስቀምጡበት ብትሞክሩ በየትኛው በኩል እንደሚያርፍ አይታወቅም። ብርቱካን አናት ላይ ማስመሪያ ስታስቀምጡ አግድም ይተኛል፤ ጉልላት ላይ ግን ይወዛወዛል። ዴሪቬቲቩ እዚያ የለም። ያም ክሪቲካል ነጥብ ነው፤ ዜሮን ብቻ የሚፈልግ ሰው አልፎት ይሄዳል።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ ሂዱና ያለውን ጣሳ ሁሉ አውጡ፤ የዱቄት ወተቱን፣ የቲማቲም ድልሁን፣ የቱናውን። የእያንዳንዱን ቁመትና የክዳኑን ስፋት ለኩ። የተወሰነ ይዘት ያለው ድፍን ጣሳ በአነስተኛ ቆርቆሮ ለመሥራት ቁመቱ ከስፋቱ እኩል መሆን አለበት፤ ከፊት ለፊት ስታዩት ካሬ መሆን አለበት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ቢሆን ቁመቱም ስፋቱም 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሆን ነበር። ምክንያቱ የሳጥናችን ነው፦ ጣሳው ሲሰፋ ክዳኑና መቀመጫው ቆርቆሮ ይበላሉ፣ ዙሪያው ያተርፋል፤ ሁለቱ የሚካካሱበት ቦታ ካሬው ላይ ነው።

ለስላሳ መጠጥ የሚመጣበት ቆርቆሮ ግን ረዘም ያለ ነው። ፋብሪካው ሒሳብ ተሳስቶ አይደለም። ክዳኑ የሚሠራው ከዙሪያው ወፈር ካለ አሉሚኒየም ስለሆነ ክዳኑን ማጥበብ ያዋጣል፤ ሰው በአንድ እጁ እንዲጨብጠውም ይፈለጋል። ደግሞም ያ ሜዳ አለ። ውፍረቱ በሁሉም ቦታ እኩል ቢሆን እንኳ፣ የጣሳው ቁመት ከስፋቱ አንድ ጊዜ ተኩል ሲደርስ የሚጨመረው ቆርቆሮ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ሁለት እጥፍ ቢሆን ከመቶ አምስት። ከምርጡ ቦታ ትንሽ ራቅ ማለት ርካሽ ስለሆነ፣ ንድፍ አውጪው ለእጃችሁ ምቾት ሲል ይርቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሌላ ወረቀት ውሰዱና 21 በ21 ካሬ እስኪሆን ቁረጡት። ለካሬ ወረቀት ይዘቱ ቀ × (21 − 2ቀ)² ነው፤ ዴሪቬቲቩን ዜሮ ስታደርጉ 3.5 እና 10.5 ይወጣሉ። እዚህ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። 10.5 ማለት ወረቀቱን በሙሉ ቆርጣችሁ ጣላችሁት፣ ምንም የማይዝ ሳጥን ማለት ነው፤ ትንሹ እሱ ነው። 3.5 የ21 ስድስተኛ ነው፤ ካሬው የቱንም ያህል ቢሆን ምርጡ ቁርጥ የጎኑ ስድስተኛ ሆኖ ይገኛል። 3.5 ቆርጣችሁ ስታጥፉት 686 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል።

የተቆረጡትን አራት ማዕዘኖች ደግሞ አትጣሏቸው። እያንዳንዳቸው 3.5 በ3.5 የሆኑ ካሬዎች ናቸው፤ ከየማዕዘናቸው ስድስተኛውን፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በጥንቃቄ ቁረጡና እጠፉ። አራት ትናንሽ ሳጥኖች ይወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይይዛሉ። ከቆሎው የተረፈ ካለ፣ ጥቂት ጥቂት ፍሬ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አስቀምጡ።